ጠብታ የሚቀበል ድንጋይ

ወገኖቼ፣ ላሊበላን ልትሳለሙ ላስታ ከሄዳችሁ ነአኩቶ ለአብን ሳታዩ አትመለሱ። ቤተ ክርስቲያኑ ዋሻ ውስጥ ነው። ከዋሻው ጣራ ውሃ ጠብ ይላል። ቆየት ብሎ ደግሞ ጠብ። ከሥር የተቀመጡ የተፈለፈሉ ድንጋዮች ይቀበሉታል፤ ምእመናን የሚጠመቁትና የሚጠጡት ጠበል እሱ ነው። የቦታው ስም፣ ቦታው የተሰየመለት የጥንቱ ንጉሥም ስም፣ «አብን እናመስግነው» ማለት ነው። በቅዳሴ «ነአኩቶ ለገባሬ ሠናያት ላዕሌነ» ሲባል የምንሰማው ያው ቃል ነው።

ስለ ቁጠባ ሳስብ ያ ድንጋይ ይመጣብኛል። ብዙዎቻችን ቁጠባ የምንጀምረው በደብተርና በስሌት ነው። ደብተሩ ክፉ አይደለም። ግን ልባችን «ጎደለኝ» እያለ እጃችንን ብቻ ብናስር አይዘልቅም። የራሴን ልንገራችሁ። ደሴ ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ አዲስ ሶፋ አየሁ። ቤቴ ስገባ የኔው ሶፋ በአንድ ማታ አረጀብኝ። ጠዋት እኮ ተቀምጬበት ቡና ጠጥቻለሁ! የዕቁብ ብሬን ለሱ ላውል ቆርጬ ነበር። ማታ ለጸሎት ስቆም ግን ልመናዬን ተውኩና ስላለኝ ማመስገን ጀመርኩ። ስለ ጣራው። በዚያ ሶፋ ላይ ታመው ተኝተው ስለዳኑት ልጆቼ። ሶፋው እስከ ዛሬ ቤቴ አለ። አዲስ ዕቃ ሲያምራችሁ እስኪ መጀመሪያ በአሮጌው አመስግኑበት።

ዮሐንስ 6ን አንብቡት። ጌታችን አምስቱን የገብስ እንጀራ ይዞ አመሰገነ። ሕዝቡ ከጠገበ በኋላ ደግሞ «አንድ ስንኳ እንዳይጠፋ የተረፈውን ቁርስራሽ አከማቹ» አለ። 12 መሶብ ሞላ። 5,000 ወንዶችን ያበላ አምላክ ቁርስራሽ ቸግሮት ነው? አይደለም። የተመሰገነበት እንጀራ ሜዳ ላይ ወድቆ እንዲቀር አልወደደም።

አንድ ነገር ግን ልቤን ያሳዝነዋል። ዝክር ሲደርሰን «ሰው ምን ይለኛል» ብለን በብድር እንደግሳለን። ይህ ምስጋና አይደለም። ጠላና ዳቦው ይበቃል። ጳውሎስስ «ምግብና ልብስ ከኖረን ግን፥ እርሱ ይበቃናል» ብሎን የለ? በሌላ በኩል ደግሞ ቁጠባ ብለን የኔ ቢጤውን ድርሻ ከቀነስን ንፍገት ነው።

እናቴ የ1977ቱን ረሃብ እዚሁ ወሎ ላይ ሆና ያየች ናት። ከገበታ የተረፈውን እንጀራ ቆራርሳ ሰፌድ ላይ ታሰጣዋለች። ስታሰጣው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ተመስገን» ትላለች፤ በየቁራሹ ማለት ይቻላል። ጾም ሲገባ ያ ድርቆሽ በበርበሬና በዘይት ፍርፍር ይሆናል። በር ላይ የቆመ ካለ መጀመሪያ የሚወጣው ለሱ ነው።