ትራቭል ቦል ምንድን ነው?

አሜሪካ ውስጥ ሶፍትቦል የምትጫወት ልጅ ያለው ወላጅ ይህን ቃል ሳይሰማ አይቀርም። ጨዋታው ያው ሶፍትቦል ነው፤ የቤዝቦል እህት። ኳሱ ተለቅ፣ ሜዳው ጠበብ ይላል። ፒቸሯም (ኳስ ወርዋሪዋ) ክንዷን አዙራ ከታች ትወረውራለች። ትራቭል ቦል የሚባለው የግል ቡድን ነው። ልጅቷ ተፈትና ትገባለች፣ ወላጅ ይከፍላል፣ ቅዳሜና እሁድ ከከተማ ከተማ እየተዞረ ይጫወታሉ።

ከዚያ በፊት የሰፈር ሊግ አለ። ሊትል ሊግ ሶፍትቦል የጀመረው በ1974 ነው። እዚያ የተመዘገበች ሁሉ ትጫወታለች፤ አሰልጣኙም አብዛኛውን ጊዜ የአንዷ አባት ወይም እናት ነው።

ታዲያ ለምን ይህ ሁሉ ድካም? የኮሌጅ ጨዋታ ከየካቲት ጀምሮ እስከ ግንቦት ይዘልቃል። በብዙ ስቴቶች የሃይስኩል ጨዋታም የሚውለው በዚያው ሰሞን ነው። የኮሌጅ አሰልጣኞች የራሳቸውን ቡድን ትተው የሃይስኩል ሜዳ ሊዞሩ አይችሉም። ትምህርት ሲዘጋ ግን ነፃ ናቸው። ያኔ በመቶ የሚቆጠሩ ልጆች አንድ ቦታ ወደሚሰበሰቡበት ውድድር ሄደው ይመለምላሉ። ልጅቷ እዚያ ከሌለች የሚያያት የለም። የዲቪዥን ዋን (ከፍተኛው የኮሌጅ ስፖርት ደረጃ) አሰልጣኝ በቀጥታ ሊያናግራት የሚችለው ግን 11ኛ ክፍል ስትገባ፣ ከሴፕቴምበር 1 ጀምሮ ነው።

ቅዳሜና እሁድ ለሚሠራ ሀበሻ ወላጅ ጭንቁ ማን ያመላልሳታል የሚለው ነው። አትፈሩ፣ የቡድኑን ወላጆች ጠይቁ። በመኪና መተጋገዝ የተለመደ ነው።

ስለ ገንዘቡ ግን በግልጽ ልናገር። ወጪው በስኮላርሺፕ ይመለሳል ብላችሁ አትበደሩ። እስከ 2025 ድረስ አንድ የዲቪዥን ዋን ቡድን የነበረው 12 ስኮላርሺፕ ብቻ ነው፤ እሱንም ሃያ ምናምን ልጆች ይካፈሉት ነበር። አሁን አዲሱን ደንብ የተቀበሉ ኮሌጆች እስከ 25 መስጠት ይችላሉ፣ ግዴታ ግን የለባቸውም። ሦስተኛው ደረጃ ዲቪዥን ስሪ ደግሞ በስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም። ፒቸሯ ናይጃሪ ካናዲ በ2024 ከስታንፎርድ ወደ ቴክሳስ ቴክ ስትዛወር ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ውል አግኝታለች። እንደሷ ያለች ግን ከስንት አንድ ናት። ልጃችሁ ጨዋታውን ስለምትወደው ትጫወት።

ከኮሌጅ በኋላ መንገዱ ይጠባል። በ2025 አዲስ የሙያተኞች ሊግ ተጀምሯል። በ2028 ደግሞ ሶፍትቦል ወደ ኦሎምፒክ ይመለሳል። አዘጋጇ ሎስ አንጀለስ ብትሆንም ጨዋታው ኦክላሆማ ሲቲ ነው፤ የኮሌጆች ሻምፒዮና ከ1990 ወዲህ ከሁለት ዓመት በቀር ሁልጊዜ የተካሄደበት ሜዳ ላይ።