የእርጥበት ፐርሰንት ምንድን ነው?

ጅማ ላይ ቡና የሚመዝንና መዝገብ የሚይዝ ሠራተኛ ፐርሰንት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ የእርጥበት ሥልጠናውን ከሀሁ መጀመር ጊዜ ማባከን ነው። የእርጥበት ፐርሰንት ከቡናው ጠቅላላ ክብደት ውኃው ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል። የሚያስቸግረው «እርጥበቱ ከ20 ወደ 11 ወረደ፤ እንግዲህ ከመቶ ኪሎ 9 ኪሎ ጎደለ» የሚለው ስሌት ነው። አሠልጣኞችም ሳይቀሩ ሰሌዳ ላይ ይጽፉታል። ስሕተት ነው።

የለቅሶ ድንኳን ውሰዱ። 80 ሴቶችና 20 ወንዶች ተቀምጠዋል። ሴቶቹ ንቅንቅ አይሉም፤ የሚወጡት ወንዶች ብቻ ናቸው። ዘጠኙ ሲወጡ 11 ወንዶች ይቀራሉ፤ ነገር ግን ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው 91 ሆኗል፤ ከ91 ሰው 11ዱ ማለት 12 በመቶ ነው። ወደ 11 ለመጠጋት አሥረኛውም መውጣት አለበት። ሴቶቹ የቡናው ደረቅ አካል፣ ወንዶቹ ውኃው ናቸው። ክረምት ገብቶ መጋዘኑ ሲረጥብ ደግሞ የወጡት ተመልሰው ይገባሉ፤ ቡና ሳይጨመር ኪሎው ይጨምራል።

ስለዚህ የሚሰላው ከማይንቀሳቀሰው ተነሥቶ ነው። 6,000 ኪሎ ቡና በ20 በመቶ እርጥበት ገባ እንበል። ደረቁ 4,800 ኪሎ ነው። እርጥበቱ 11 ሲደርስ ይኸው 4,800 የጠቅላላው 89 በመቶ ይሆናል፤ ለ0.89 ሲካፈል 5,393 ኪሎ ግድም ይመጣል። የጎደለው 607 ኪሎ ነው። በመቀነስ ብቻ ያሰላ ሰው የሚጠብቀው 540 ነው። የ67 ኪሎ ልዩነት፣ ከአንድ የ60 ኪሎ ጆንያ በላይ ማለት ነው፣ ማንም ሳይነካው «ጠፋ» ተብሎ መጋዘን ጠባቂው ይጠየቅበታል። «ለሠራተኛ ግምቱ ይበቃዋል» የሚሉን ሰው ያንን ጆንያ ከማን ደመወዝ ሊቆርጡት ነው?

«እርጥበቱ 9 በመቶ ቀነሰ» ማለትም አያስኬድም። የቀነሰው 9 የፐርሰንት ነጥብ ነው፤ ውኃው ራሱ ከ1,200 ኪሎ ወደ 593 ወርዶ ከግማሽ በላይ ጠፍቷል። ይህ ሁሉ እርጥበት ከጠቅላላ ክብደት ሲሰላ ነው፤ ከደረቁ አንጻር የሚያሰላ ላቦራቶሪ ያንኑ 20 በመቶ ብለን ያስገባነውን ቡና 25 በመቶ ይለዋል። የእርጥበት መለኪያ መሣሪያውም ለጀንፈል (ከነገለባው ለደረቀ ቡና) እና ለተፈለፈለ ቡና አንድ ዓይነት አያነብም፤ ቡናው ከማድረቂያው ትኩሱን መጥቶ ከሆነም ንባቱ ሊያሳስት ይችላል።

ለሠራተኛው ቀመር ከማስሸምደድ ቅጹን ማስተካከል ይሻላል፦ ከጠቅላላ ክብደቱ አጠገብ «ደረቅ» የሚል ዓምድ ይኑር፤ ቡናው ሲገባ አንዴ ይሞላ፤ እስኪወጣ አይነካ። የመፈልፈያው ገለባና የፈሰሰው ቡና በሌላ ዓምድ ይጻፉ፤ እዚህ ከተደባለቁ ውኃው የቱ፣ ብክነቱ የቱ እንደሆነ አይለይም።