ሴት «ቢያውቅ» ነው የሚለው ተረቱ

ባለፈው እሁድ እዚህ አሸዋ ሜዳ እድራችን ስብሰባ ተቀምጦ ነበር። ሊቀመንበሩ አሞኛል ብለው ስለለቀቁ ምትክ መምረጥ ነበረብን። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት «ገንዘብ ያዣችንን ለምን አንመርጥም?» አሉ። ገንዘብ ያዣችን ሴት ናት። ደብተሩን ከያዘች 11 ዓመቷ ነው፣ አንድ ቀን ሳንቲም ጎድሎባት አያውቅም፤ ድንኳኑ ማን ቤት እንዳለ፣ የማን ወንበር እንደተሰበረ፣ የወሩን ያልከፈለው ማን እንደሆነ ደብተር ሳትገልጥ ትነግርሃለች። አንድ ጎልማሳ ከመቀመጫቸው ሳይነሱ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ ሲባል አልሰማችሁም?» አሉ። ድንኳኑ በሳቅ ሞላ። ምርጫውም ለሳምንት ተላለፈ።

እኔ አልሳቅኩም። ስለ እሷ ተናድጃለሁ፣ ስለ ተረቱም ተናድጃለሁ። አለቦታው ገባ።

እስቲ ቃሉን ልብ ብላችሁ ስሙት። «ሴት ባታውቅ» አላለም። «ቢያውቅ» ነው ያለው። ማወቋን አምኖ ነው የሚጀምረው። ታውቃለች፣ መጨረሻውን ግን አይሰጧትም፣ ነው የተረቱ ነገር። ሰውየው ግን «ሴት አትችልም» ለማለት ተጠቀሙበት። አለመቻልና አለመሰጠት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

አባባሉን መጀመሪያ የሰማሁት ከሴት አፍ ነው። ከነሐዘኑ።

የአያቴ ቤት በሆለታ መንገድ፣ መናገሻ አካባቢ ነበር። 9 ዓመቴ ነው፣ ቀኑ ቅዳም ሹር። ቄሱ ያደሉንን ቄጤማ ጭንቅላቴ ላይ አስሬ ግቢ ውስጥ እሯሯጣለሁ። አያቴ ቀዩን አውራ ዶሮ በግራ ብብቷ፣ ቢላዋውን በቀኝ እጇ ይዛ ደጃፍ ቆማለች። ሁልጊዜ የሚያርድላት ጎረቤት ገበያ ወርዶ ቀርቷል። ጥዳ የወጣችው ውኃ ውስጥ እየፈላ ነው። መንገዱን ታያለች፣ ዶሮውን ታያለች፣ መንገዱን ታያለች። መንገደኛ ወንድ ቢያልፍ «ወንድሜ፣ እባክህ ይችን ባርክልኝ» ልትለው ነው። ማንም አላለፈም። በመጨረሻ ዞር ብላ እኔን አየችኝ።

«አንተ ጎበዝ፣ ና እስቲ።»

እኔ ዶሮ ይዤ አላውቅም። ቢላዋውን የሳለችው እሷ ናት። «ክንፉን በዚህ እግርህ ርገጥ፣ እግሩን በዚያ። ፊቱን ወደ ምሥራቅ። ወደዚያ አይደለም፣ ፀሐይ ወደምትወጣበት።» «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ስል ከኔ ጋር አብራ ትላለች። እጄ ሲንቀጠቀጥ አየችና እጇን በእጄ ላይ አድርጋ ወደ አንገቱ መራችው። ልክ ሊነካ ሲል ግን እጇን አነሳች። ያቺን አንዲት ነገር ብቻ ለኔ ተወችው። ላባው በፈላ ውኃ ሲነጭ፣ ገላው እሳት ላይ ሲለበለብ፣ 12 ብልት ሲወጣ፣ በሎሚና በጨው ውኃው እስኪጠራ ሲታጠብ እኔ የለሁበትም፣ ውጭ እጫወታለሁ።

ወሬው ወዲያው ደረሰ መሰለኝ፣ ትንሽ ቆይተው ሌሎች ሁለት ሴቶች ዶሮ ይዘው መጡ። አንዷ ባሏ የሞተባት ነበረች። ከላይ እስከ ታች አየችኝና ፈገግ አለች፣ ከዚያ ግን በረጅሙ ተንፍሳ «ምን ይደረግ፣ ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» አለች። አያቴም «እህ» አለች። ሌላ ምንም አልተባለም። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ሕፃን ፊት ዶሮ ይዘው ተራ ሲጠብቁ ዛሬም ይታየኛል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚህ ተረት አገሩ የዶሮ እርድ ነው ብዬ አምናለሁ። ሌላ ቦታ የሚፈልጉለት አሉ፣ ከሸንጎ ነው የመጣው፣ ከሙግት ነው ይላሉ። እኔ ግን ዶሮውን አልለቅም። በገጠር ዶሮ የሴት ሀብት ነው። እንቁላሉን መርጣ የምታሳቅፈው እሷ፣ ከጭልፊትና ከሸለምጥማጥ የምትጠብቀው እሷ፣ የትኛው ለእርባታ ይቅር የትኛው ለበዓል ይሁን የምትለው እሷ፣ የእንቁላሉም ገንዘብ የጨውና የቡና መግዣዋ ነው። ስለ ዶሮ እሷ የማታውቀው፣ ወንዱ የሚያውቀው አንድ ነገር የለም። የዶሮው ዕድሜ የሚያልቀው ግን በወንድ እጅ ነው፣ ለዚያውም 9 ዓመት ይብቃው እንጂ ማንኛውም ወንድ ይሆናል። «ያልቅ» የሚለው ቃል እንዲህ ልክክ የሚልበት ሌላ ቦታ አላገኘሁም። የቀረበው የጋብቻ ሽምግልና ነው፤ እናት ልጅቷን ገበያ ላይ አይታ፣ ዘሯን አጣርታ፣ ነገሩን ሁሉ ከጨረሰች በኋላ ጋቢያቸውን ለብሰው «ልጃችሁን ለልጃችን» የሚሉት ወንዶች ናቸው። እሱም ቢሆን ያው የዶሮው ነገር ነው።

ደግሞ አንድ ነገር። «ሴት ብታውቅ» ነበር መሆን ያለበት፣ «ቢያውቅ» አለ። ከ«ያልቅ» ጋር ቤት እንዲመታ ነው፣ ገብቶኛል። ቢሆንም እያወቀች ያለችውን ሴት ግሱ ራሱ ወንድ አድርጓታል። ማወቁ ሳይቀር በወንድ አለቀ።

ሰውየው ሲናገሩ ትዝ ያሉኝ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው። እዚሁ በኛው መንገድ፣ ከሆለታ ገፋ ብላ ያለችው አዲስ ዓለም የተወለዱ ናቸው፣ በ1908 ዓ.ም.። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ። ስዊዘርላንድ ተማሩ። ጣሊያን ሲገባ ጎሬ ላይ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፉ፣ ተያዙ፣ አዚናራ ወደምትባል የጣሊያን ደሴት ተወስደው ታሰሩ። ከነፃነት በኋላ ወደ ትምህርት ገቡ። የእቴጌ መነን ሴቶች ትምህርት ቤትን መሩ፣ ተማሪዎቹ መድረክ ላይ የሚጫወቷቸውን ቴአትሮች ራሳቸው ጻፉ። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት የሕዝብ ምርጫን አመጣ፤ በ1950 ዓ.ም. ምርጫ ሲደረግ ስንዱ ተወዳድረው አሸነፉ። በኢትዮጵያ ፓርላማ ተመርጣ የገባች የመጀመሪያዋ ሴት እሳቸው ናቸው። ገብተውም ዳር አልተቀመጡም፣ የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ያን ዓመት አያቴ እዚያው መናገሻ ደጃፏ ላይ ዶሮዋን ታቅፋ መንገደኛ ትጠብቅ ነበር።

ከዚያ እስከ ጥቅምት 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ቁጠሩ። 61 ዓመት። በሴኔጋል፣ በጅቡቲና በፈረንሳይ አምባሳደር ሆነው የሠሩት፣ ናይሮቢ ያለውን የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት የመሩት ሣህለወርቅ ዘውዴ በዚያ ቀን የአገሪቱ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆኑ። ማወቅስ ድሮም ነበር። ቢላዋው እጃቸው እስኪገባ ነው ይህ ሁሉ ዓመት የሄደው።

አሁን አሁን ይህ ተረት የሚወጣው ሰው ለማስቀመጥ ብቻ ሆኗል። ቢሮ ውስጥ ሴት አለቃ ስትሾም ይወጣል፣ ታክሲ ውስጥ ሴት ሹፌር ስትታይ ይወጣል፣ እድር ላይ ደግሞ ይኸው። የሚስቁት ሰዎች ክፉ አይደሉም፣ ብዙዎቹ ጎረቤቶቼ ናቸው፣ እወዳቸዋለሁ። ግን የባልቴቷን ትንፋሽ አልሰሙትም። ቅር ያላት ሴት በቁጭት ያወጣችውን ቃል መልሶ እሷኑ መምቻ ማድረግ ነውር ነው። የሷን ሐዘን ወስደን የኛ ቀልድ አደረግነው። ቢያንስ ስትተርቱ «ቢያውቅ» የምትለዋን ቃል አትዋጧት፣ ረገጥ አድርጋችሁ በሏት።

ስብሰባው የፊታችን እሁድ ከቅዳሴ መልስ ነው። ሰውየው ያንኑ ከደገሙት ተነስቼ የአያቴን ዶሮ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ለገንዘብ ያዣችን እጄን አወጣለሁ።