የዕቅድ ትውስታ ምንድን ነው? የአእምሮ ድካምስ ምን ያደርገዋል?

የዕቅድ ትውስታ አንድን ነገር ለመሥራት ከወሰንን በኋላ፣ ጊዜው ወይም አጋጣሚው ሲደርስ ማንም ሳያሳስበን ውሳኔያችንን አስታውሰን የመፈጸም ችሎታ ነው። ያለፈን ነገር ከማስታወስ የሚለየውም በዚሁ ነው፤ ፈተና ላይ ጥያቄው ራሱ መልሱን እንድንፈልግ ያስገድደናል፣ ያቀድነውን ግን ሌላ ሥራ ላይ ተጠምደን ሳለን በራሳችን ማንሳት ይጠበቅብናል።

ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የልብስ ስፌት ጥራት ስትቆጣጠር የዋለች አንዲት ሠራተኛ እናስብ። ጠዋት ከቤት ስትወጣ፣ ማታ ስትመለስ ለእናቷ የደም ግፊት መድኃኒት ልትገዛ ወስናለች፤ ይሁንና በባጃጅ መድኃኒት ቤቱን አልፋ ቤቷ ትገባለች። እናቷ «መድኃኒቱስ?» ሲሏት ወዲያው ትዝ ይላታል። ሐሳቡ ከአእምሮዋ አልጠፋም ማለት ነው፤ የጎደለው በሰዓቱ የሚቀሰቅሰው ነገር ነው። እንዲህ ያለውን መርሳት ግዴለሽነት ብሎ መፍረድ በደል ነው ብዬ አምናለሁ።

ዘርፉን ካስፋፉት ተመራማሪዎች መካከል ጊልስ አንስታይንና ማርክ ማክዳንኤል በሰዓት ላይ የተመሠረተውን ዕቅድ በክስተት ላይ ከተመሠረተው፣ ማለትም አንድ ነገር ሲያጋጥመን ከሚፈጸመው፣ ይለያሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 ባቀረቡት ማብራሪያ መሠረትም፣ አንዳንዱ ምልክት ዕቅዱን ያለ ጥረት ሲያስታውሰን፣ ሌላው ግን በያዝነው ሥራ መካከል ትኩረታችንን ከፍለን እንድንጠባበቀው ይፈልጋል። ይህ መጠባበቅ በግንባር በኩል ባለው የአንጎል ክፍል ላይ የሚደገፍ ሲሆን፣ ለረጅም ሰዓት ትኩረት የሚጠይቅ ሥራ የሚያዳክመውም በተለይ ይህንኑ ትኩረትን የመከፋፈል አቅም ነው። ስለዚህ «አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እደውላለሁ» የሚለው ዕቅድ፣ ከሰዓቱ በቀር ምንም ቀስቃሽ ስለሌለው፣ በደከመ ሰው ዘንድ ለመረሳት ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

እንዲህ ያለውን መርሳት ለመቀነስ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልዊትዘር እ.ኤ.አ. በ1999 ያብራራው መንገድ ዕቅድን ከተወሰነ ሁኔታ ጋር አስቀድሞ ማሰር ነው። ሠራተኛዋ «ማታ እገዛለሁ» ከምትል፣ «ባጃጅ ውስጥ እንደገባሁ መድኃኒት ቤቱ ጋ ወራጅ እንዳለ ለሾፌሩ እናገራለሁ» ብላ ብትወስን ይሻላል። ይህን መወሰን ያለባት ግን ጠዋት፣ አእምሮዋ ሳይደክም ነው። የሌሊት ተረኛ ነርስ ለተተኪዋ የምታስተላልፈውን የሕመምተኛ መድኃኒት የመሰለ ጉዳይ ግን፣ ዕቅዱ የቱንም ያህል በደንብ ቢታሰር፣ በጽሑፍ እንጂ በትውስታ ብቻ ሊተላለፍ አይገባም።