በአባይና በገባሮቹ የዋቅላሚዎች ወቅታዊ ለውጥ

ዋቅላሚዎች ወይም አልጌዎች በወንዝ ውስጥ በድንጋይ፣ በደለልና በዳርቻ ተክሎች ላይ ተለጥፈው አሊያም በውሃው ተንሳፍፈው የሚኖሩ፣ በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን የሚያዘጋጁ ሕያዋን ናቸው። አራት ወቅቶች በሚፈራረቁባቸው አገሮች እድገታቸውን በዋናነት የሚወስኑት የብርሃንና የሙቀት መለዋወጥ ሲሆኑ፣ በአባይና በደጋ ገባሮቹ ግን ዓመቱን ለሁለት የሚከፍለው የክረምቱ ሙላት ነው። በደጋው የቀንና የሌሊት ሙቀት ልዩነት ከወር ወር ልዩነት ስለሚበልጥ፣ ሙቀትን ብቻ ተከትሎ የዋቅላሚዎቹን ሁኔታ ለመረዳት መሞከር ብዙም አያዛልቅም።

ከሰኔ እስከ መስከረም ከታረሰው ተዳፋት የታጠበ አፈር ውሃውን ስለሚያደፈርሰው ብርሃን ወደ ወንዙ ወለል አይደርስም፤ የሚንከባለለው ጠጠርም በድንጋይ ላይ የተለጠፈውን ይፍቀዋል። የሚተርፉት በቋጥኝ ስንጥቆች ውስጥና ውሃው በማይበረታበት ዳርቻ የተጠለሉት ናቸው።

ሙላቱ ጎድሎ ውሃው ሲጠራ፣ በጥቅምትና በኅዳር፣ በፈጣኑ ድንጋያማ ስፍራ ቀድመው የሚስፋፉት ዳያቶሞች የተባሉት ነጠላ ሕዋስ ዋቅላሚዎች ናቸው። በዚህ ጊዜ ጥልቀት ከሌለው ውሃ አንድ ድንጋይ ቢያነሱ ላዩ ቡናማና የሚያሟልጭ ነው፤ ያ ልባስ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከሲሊካ (ከመስታወት መሰል ማዕድን) የተሠራ ቅርፊት ያላቸው ነጠላ ሕዋሶች ጥርቅም ሆኖ ይገኛል። እንደ ኮኮኔይስ ያሉት በድንጋዩ ላይ ተጋድመው ሲጣበቁ፣ እንደ ጎምፎኔማ ያሉት በቀጭን ዘንግ ላይ ይቆማሉ። ለቅርፊቱ የሚያስፈልገውን ሲሊካ የደጋው ባዛልት እየሟሟ ያቀርብላቸዋል። ዳያቶሞች የውሃ ብክለት አመልካች ሆነው ስለሚያገለግሉ ናሙናው የተወሰደበት ወር ወሳኝ ነው፤ በነሐሴ ጥቂት ዝርያ መገኘቱ ብክለትን ሳይሆን ጎርፉን ሊያመለክት ይችላል።

ከጥር ወዲህ ትንንሾቹ ገባሮች ወደ ተነጣጠሉ ኩሬዎች ሲቀየሩ እንደ ስፓይሮጋይራ ያሉ ክር መሰል አረንጓዴ ዋቅላሚዎች ይስፋፋሉ። ከሰዓት በኋላ በክሮቹ መካከል የታመቀው የኦክስጅን አረፋ ሙሉውን ምንጣፍ ወደ ላይ ያነሳዋል። ከብት በሚጠጣባቸው ኩሬዎች የሚጨመረው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ እድገቱን ያፋጥናል። የበልግ ዝናብ ሲበረታ ግን ይህ ሁሉ ተጠርጎ ልባሱ እንደገና ከዳያቶም ይጀምራል።

ዋናው ወንዝ የራሱ ጠባይ አለው። ባሕር ዳር ላይ ከጣና ሲወጣ የሐይቁን ተንሳፋፊ ዋቅላሚዎች ይዞ ይወርዳል፤ ሆኖም የሐይቁ ድርሻ በሱዳን ድንበር ላይ ከሚለካው ዓመታዊ ፍሰት ከአንድ አሥረኛ በታች ስለሆነ፣ በክረምት የገባሮቹ ድፍርስ ውሃ ያንን ሁሉ ይውጠዋል። በሱዳን እ.ኤ.አ. በ1925 የተጠናቀቀው የሰናር ግድብ ደለሉ ካለፈ በኋላ ውሃ መያዝ ስለሚጀምር፣ ተንሳፋፊዎቹ የሚባዙበት የረጋ ውሃ ፈጥሯል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተደረጉ ምርምሮች እንዳሳዩት፣ በሙላት ጊዜ ከሞላ ጎደል ባዶ የነበረው ውሃ ከዚያ በኋላ ሜሎሲራ በተባለው ዳያቶምና አናቤና በተባለው ሳያኖባክቴሪያ (እንደ ዋቅላሚ በብርሃን ምግቡን በሚያዘጋጅ ባክቴሪያ) ይሞላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 እዚያው ሱዳን ውስጥ የሮሴይረስ ግድብ ተጨመረ። በ2012 ዓ.ም. ውሃ መያዝ የጀመረው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ደግሞ ደለሉን ከላይ እያስቀረ ፍሰቱንም በዓመቱ ወራት ላይ እያከፋፈለ ስለሚለቅ፣ ከግድቡ በታች በጎርፍና በድፍርስነት ላይ የተመሠረተው የቀድሞው የወቅት ሥርዓት እየላላ ይሄዳል።