«ማሽኑ ነው የተበላሸው» እና ሌሎች ስለ ስፌት የምንሰማቸው የተሳሳቱ ነገሮች

ስፌት ስጀምር የመጀመሪያ ሥራዬ የትራስ ልብስ ነበር። አራት ቀጥ ያሉ መስመሮች፣ በቃ። ከላይ ሲያዩት ስፌቱ ያምራል። ስገለብጠው ግን ከሥር የወፍ ጎጆ የሚያህል ክር ተተብትቦ ጨርቁን ከማሽኑ ጋር አጣብቆታል። ቦቢኑን፣ ማለትም የሥረኛው ክር የሚጠቀለልባትን ትንሽ ማጠንጠኛ፣ ስድስት ጊዜ አውጥቼ መለስኩ። ወይ ፍንክች! በመጨረሻ ማሽኑን ተሸክሜ ጠጋኝ ጋ ሄድኩ። ሰውዬው የላይኛውን ክር መዝዞ አወጣ፤ እንደገና አስገባው፤ ሰፋ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። ገንዘብ እንኳ አልተቀበለኝም፣ ዝም ብሎ ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ ትዝ ሲለኝ እስካሁን አፍራለሁ።

ከዚያ ወዲህ እንደ እኔ ማሽኑን የሚወቅስ ብዙ ሰው አጋጥሞኛል። «እኔ እጄ ለስፌት አልተፈጠረም» የሚልም አለ። ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ ልክ አይደሉም። ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«ከሥር ክር ከተተበተበ ጥፋቱ የቦቢኑ ነው»

ብዙውን ጊዜ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ከሥር የተከመረው ክር ከላይ የወረደ ነው። ካላመናችሁ ከላይ ቀይ፣ ከሥር ነጭ ክር አድርጉና ብጣሽ ጨርቅ ላይ ስፉ። የተተበተበው ቀዩ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ለምን? የእጅ መርፌ ክር የሚገባበት ዓይኑ ጭራው ላይ ነው። የማሽን መርፌ ዓይን ግን ጫፉ አጠገብ ነው። መርፌው ክሩን ይዞ ጨርቁን በስቶ ይወርዳል። ወደ ላይ መመለስ ሲጀምር ክሩ ከመርፌው ጀርባ ትንሽ ቀለበት ይሠራል። ከሥር ያለው መንጠቆ ያቺን ቀለበት ቀለብ ያደርግና በቦቢኑ ዙሪያ ያሳልፋታል። ሁለቱ ክሮች ተቆላልፈው ጨርቁ መሃል ላይ ይቀራሉ። ኤልያስ ሃው እ.ኤ.አ. በ1846 አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ መብት ያገኘው እንዲህ በሁለት ክር ለሚሰፋ ማሽን ነው። አይዛክ ሲንገር የራሱን ያስመዘገበው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1851 ነው። እግረ መንገዴን፣ «የስፌት ማሽንን የፈጠረው ሲንገር ነው» የሚለውም ስህተት ነው። እንዲያውም ሃው ሲንገርን ከሶ ረትቶታል።

ወደ ጎጆው እንመለስ። የላይኛው ክር ወደ መርፌው ከመድረሱ በፊት በሁለት ትንንሽ ክብ ብረቶች መሃል ያልፋል። እነሱ ናቸው ክሩን ጠበቅ የሚያደርጉት። ጨርቁን የሚጫነው እግር ወደ ታች ሲሆን ብረቶቹ ይገጥማሉ። ያን ጊዜ ክር ብታስገቡ መሃላቸው አይገባም፣ ከላይ ይቀራል። የሚይዘው ስለሌለ እንዳሻው ይወርድና ከሥር ይከመራል። መፍትሔው ክር ስታስገቡ እግሩን ወደ ላይ ማንሳት ነው። የእኔ ጥፋት ይኸው ብቻ ነበር። ከጨረሳችሁ በኋላ እግሩን አውርዱና ክሩን ሳብ አድርጉት። ሊታገላችሁ ይገባል። ዝም ብሎ ከመጣ አልተያዘም።

የማጥበቂያውን ቁጥር መነካካት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የሚመጣው። የሥረኛው ክር ወደ ላይ ብቅ ካለ የላይኛው ጠብቋል። የላይኛው ከሥር ከታየ ላልቷል። ስታስተካክሉ በትንሽ በትንሹ፣ ብጣሽ ጨርቅ ላይ እየሞከራችሁ።

«መርፌ እስኪሰበር ድረስ ያገለግላል»

የደነዘዘ መርፌ ጨርቁን አይበሳም፣ ይገፋዋል። ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ፣ ስፌት መዝለል ከጀመረ ወይም ስስ ጨርቅ ላይ ክር ከጎተተ ጊዜው አልፏል። ስምንት ሰዓት ያህል ከሰፋ በኋላ መቀየር የተለመደ ምክር ነው። አዲስ ትልቅ ሥራ ስትጀምሩ አዲስ መርፌ ብታደርጉም አትሳሳቱም። ከልብሱ ጋር ሲተያይ የመርፌ ዋጋ ምንም አይደለም።

ማሸጊያው ላይ 80/12 ወይም 90/14 ተብሎ ይጻፋል። ሁለቱም ቁጥሮች ስለ አንድ ውፍረት ነው የሚናገሩት፣ አቆጣጠሩ ነው የሚለያየው። 90 ማለት 0.9 ሚሊ ሜትር ነው። ለስስ ጨርቅ 70፣ ለመካከለኛ ጥጥ 80፣ ለጂንስ 100። ለቲሸርት ዓይነት ጨርቅ ደግሞ ጫፉ ድብልብል ያለ መርፌ አለ፤ ፈትሉን ሳይቆርጥ ወደ ጎን አድርጎ ያልፋል። አንድ ጊዜ ስንፍና ይዞኝ ቲሸርት በተራ መርፌ ሰፋሁ። ሲታጠብ በስፌቱ ዳር ዳር ቀዳዳ ቀዳዳ ሆነ።

«ልብስ ከመሞከሬ በፊት ብጣሽ ላይ ለወራት መለማመድ አለብኝ»

እኔም እንዲህ ብዬ ነበር። ክር የሌለው መርፌ አድርጌ፣ ወረቀት ላይ መስመር አስምሬ፣ በመስመሩ ላይ ስነዳ ሰነበትኩ። ለሁለት ቀን ጠቀመኝ። ከዚያ በኋላ መሰልቸት ብቻ ነበር ያተረፍኩት።

የሚሻለው አንድ አዲስ ነገር ብቻ የሚያስተምር ሥራ እየመረጡ መሄድ ነው። የጨርቅ ቦርሳ ስትሰፉ ማዕዘን ማዞር ትማራላችሁ፦ መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንዳለ ታቆማላችሁ፣ እግሩን ታነሳላችሁ፣ ጨርቁን ታዞራላችሁ፣ እግሩን ታወርዳላችሁ። ወገቡ ላስቲክ የሆነ ቀሚስ ረጅም ቀጥ ያለ ስፌትና ቅምቅማት ያስተምራል። እጅጌ የሌለው ልብስ ዙር አንገት ያመጣል። ከአንገቱ ስፌት የተረፈውን ጠርዝ በመቀስ ጫፍ ቆንጠር ቆንጠር ካላደረጋችሁት እንደማይተኛ የሚገባችሁ እዚያ ላይ ነው።

እጅጌ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጀማሪን የሚያስለቅስ ነገር ቢኖር እጅጌ መግጠም ነው። በብዙ ልብሶች የእጅጌው አናት ከሚገባበት ቀዳዳ ትንሽ ይረዝማል። ሰው ይህን ሲያይ «በስህተት ቆረጥኩት» ብሎ ይከረክመዋል። ተዉት! የተረፈው የትከሻችሁን ክብ ቅርጽ እንዲከተል ነው። አናቱ ላይ 4 ሚሊ ሜትር በሚረዝም ላላ ያለ ስፌት ሁለት መስመር ስፉ፣ ጫፉን ወደ ኋላ ሰፍታችሁ አትቆልፉ። የቦቢኑን ክሮች ቀስ ብላችሁ ሳቡ። አናቱ ሽብሽብ ሳይል ልክ እንደ ጎድጓዳ ማንኪያ ጀርባ ጉብ ይላል። ከዚያ በስፒል አያይዙና ስፉ። ስትሰፉ እጅጌው ወደ ታች፣ ከእግሩ ሥር ወዳሉት የማሽኑ ጥርሶች በኩል ይሁን፤ ጥርሶቹ የታችኛውን ጨርቅ ትንሽ ስለሚያስገቡት ትርፉን ይውጡላችኋል።

«ጨርቁን ከኋላ መሳብ ስፌቱን ያቀናል»

ያጣምመዋል። ጨርቁን የሚያስኬዱት ከእግሩ ሥር ያሉት ጥርሶች ናቸው። የእጃችሁ ሥራ አቅጣጫ ማስያዝ ብቻ ነው። ስትስቡት መርፌው ይጎብጣል፣ ከሥሩ ካለው ጠፍጣፋ ብረት ጋር ይጋጫል፣ ይሰበራል። ዓይናችሁም መርፌው ላይ ሳይሆን ብረቱ ላይ ያለው የስፋት መስመር ላይ ይሁን።

«ካውያ የሚነሳው ልብሱ ካለቀ በኋላ ነው»

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ። የቤት ስፌት «የቤት» የሚመስለው ብዙ ጊዜ በማሽኑ ሳይሆን በካውያ እጦት ነው። እያንዳንዱ ስፌት ሌላ ስፌት ሳያቋርጠው በፊት መተኮስ አለበት። መጀመሪያ እንደተሰፋ ጠፍጣፋውን ተጫኑት፤ ክሩ ጨርቁ ውስጥ ይሰጥማል። ከዚያ ጠርዙን ከፍታችሁ ተጫኑት። ካውያውን ወዲያ ወዲህ አትጎትቱ፣ እያነሳችሁ አስቀምጡ። መጎተት ጨርቁን በተለይ በሰያፍ የተቆረጠውን ይለጥጠዋል። አዎ፣ በየደቂቃው መነሳት ያሰለቻል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

«ሁልጊዜ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ወደ ኋላ ተሰፍቶ ይቆለፋል»

ለጎንና ለትከሻ ልክ ነው። ደረትና ወገብ ላይ ቅርጽ ለመስጠት የሚሰፋው ሾጣጣ እጥፋት ጫፍ ላይ ግን አይሆንም። እዚያ ከቆለፋችሁት ጫፉ ይወፍርና ልብሱ ላይ እንደ ብጉር ጉብ ይላል። የመጨረሻዎቹን ጥቂት ስፌቶች አሳጥሯቸው፣ ክሩን አስረዝማችሁ ቁረጡ፣ በእጅ ቋጥሩት። ከላይ የሚታይ የጌጥ ስፌትም እንደዚሁ ነው፤ ጫፉን በመርፌ ወደ ጀርባ አሳልፋችሁ ቋጥሩ።

«ለጌጥ ስፌት ሁለት መቶ ዓይነት ስፌት ያለው ማሽን ያስፈልጋል»

ሁለት መቶ ስፌት ካለው ማሽን ላይ ሰው በቋሚነት የሚጠቀመው ስንቱን እንደሆነ ባለቤቶቹን ጠይቁ። ቀጥታና ዚግዛግ የሚሰፋ ተራ ማሽን ብዙ ርቀት ይወስዳል።

እስቲ አንድ ቅጠል እንስፋ። ከአረንጓዴ ጨርቅ ቅጠል ቆርጣችሁ በካውያ በሚጣበቅ ስስ ማጣበቂያ ቦርሳው ላይ ለጥፉ። ዚግዛጉን ስፋቱን 3 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱን 2.5 አድርጉ። ተራ ጥርስ ጥርስ ያለ ስፌት ነው የሚወጣው። አሁን ስፋቱን ሳትነኩ ርዝመቱን ወደ 0.4 አውርዱት። ክሮቹ ተጠጋግተው ልክ የእጅ ጥልፍ የመሰለ ወፍራም፣ የሚያንጸባርቅ መስመር ይሆናሉ። ያው ማሽን፣ ያው ስፌት።

ችግሩ እዚህ ይጀምራል። ያን ያህል ክር ሲጠጋጋ ጨርቁን ይሰበስበዋል፣ መሃሉ እንደ ቱቦ ይነሳል። ስለዚህ ከሥር ማጠንከሪያ ይደረጋል። ለጥልፍ ተብሎ የተሠራ አለ፤ ለልምምድ ግን ተራ ወረቀትም ይሠራል፣ ሲያልቅ ተቀዶ ይወጣል። የላይኛውን ክር ትንሽ ላላ አድርጉት፤ የቦቢኑ ክር ከላይ ብቅ እንዳይል።

ወደ ውጭ በሚጎብጥ ጠርዝ ላይ ጨርቁን ለማዞር ስትቆሙ መርፌው ከቅጠሉ ውጭ፣ ቦርሳው ላይ ይሁን። ወደ ውስጥ በሚጎብጠው ላይ ደግሞ ቅጠሉ ላይ። ካጠፋችሁት በስፌቶቹ መሃል የሦስት ማዕዘን ክፍተት ይቀራል። ወደ ቅጠሉ ሹል ጫፍ ስትደርሱ ስፋቱን እየቀነሳችሁ ሂዱ። የእኔ የመጀመሪያ ቅጠል ጫፉ ድንች ይመስል ነበር። ቦርሳውን አሁንም እይዘዋለሁ።

ለጥልፍ ክር ስትገዙ ደግሞ ቁጥሩ አያታላችሁ፤ 60 ቁጥር ጥልፍ ክር ከ40 ይቀጥናል። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ክሩ እየሳሳ ይሄዳል።

«የሚለጠጥ ጨርቅ ያለ ኦቨርሎክ አይሰፋም»

ኦቨርሎክ የሚባለው ማሽን ፈጣን ነው፣ ጠርዙንም ቆርጦ ይጠቀልላል። ግን ግዴታ አይደለም። ቀጥታ ስፌት ቲሸርት ላይ የሚበጠሰው ጨርቁ ሲለጠጥ ክሩ አብሮ ስለማይለጠጥ ነው። ዚግዛጉን በጣም ጠባብ፣ ስፋቱን አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ አድርጉ። ከሩቅ ቀጥታ ይመስላል፣ ሲሳብ ግን ይከፈታል። ከላይ ያልኩት ድብልብል መርፌ እንዳይረሳ።

«አዲስ ጨርቅ ንጹሕ ስለሆነ ሳይታጠብ ይቆረጣል»

ማጠቡ ለንጽሕና አይደለም። ጥጥ ሲታጠብ ይገባል። አንድ ሜትር ላይ 3 ሳንቲ ሜትር ቢገባ ሱሪው ቁርጭምጭሚት ላይ ይቀራል። ልብሱ ወደፊት በሚታጠብበት መንገድ እጠቡት፣ ተኩሱት፣ ከዚያ ቁረጡ።

«ጎበዝ ሰፊ አይተረትርም»

ይተረትራል፤ ልዩነቱ ሳይበሳጭ መተርተሩ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ጨርቅ ወዲያና ወዲህ ይዞ ይቀደዋል፣ ጨርቁም አብሮ ይቀደዳል። በአንድ ወገን በኩል በየአራት አምስት ስፌቱ አንዷን ብቻ በጥሱ። ከዚያ ገልብጡና የሌላውን ወገን ክር ጫፉን ይዛችሁ ሳቡት። ረጅሙ ክር አንድ ሆኖ ዘለግ እያለ ይወጣል። ቁርጥራጮቹን በተለጣፊ ፕላስተር ለቅማችሁ፣ ጨርቁን ተኩሳችሁ፣ እንደገና ስፉ። ክር ስታስገቡ እግሩን ማንሳት እንዳትረሱ።