የወራሪ ዝርያዎች አደጋ ደረጃ ሲወጣ የሚዘወተሩ ስሕተቶች

«መጤ ሁሉ ወራሪ ነው።»
አይደለም። በቆሎና ድንች ከአሜሪካ አህጉር ወጥተው ዓለምን ያዳረሱ መጤዎች ናቸው፤ ወራሪ የሚላቸው ግን የለም። የሚመዘነው የሚያደርሱት ጉዳት ነው።

«መረጃ ካልተገኘ ነጥቡ ዜሮ ይሁን።»
ብዙ ምዘና የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ተዘጋጅቶ ሌሎች አገሮችም የወሰዱት የአረም መመዘኛ 49 ጥያቄዎች አሉት። ድምሩ ከ1 በታች የሆነ ተክል ይገባል፣ ከ6 በላይ የሆነ ይከለከላል፣ በመካከል ያለው ተጨማሪ ምርመራ ይጠብቀዋል። ባዶ የቀረ ጥያቄ ድምሩ ላይ ምንም አይጨምርም። ስለዚህ ማንም ያላጠናው ተክል፣ በደንብ ከተጠናው አረም ይልቅ ንጹሕ መስሎ ይወጣል። መመዘኛው ቢያንስ 10 ጥያቄ እንዲመለስ ያስገድዳል፤ እሱም ቢሆን ትንሽ ነው። ከነጥቡ ጎን ስንት ጥያቄ እንደተመለሰና ማስረጃው ምን ያህል እንደሚታመን ይጻፍ።

«አማካይ መውሰድ ፍትሐዊ ነው።»
አንድ ዓሣ በአራት መስፈርት 1፣ 1፣ 1 እና 5 ቢያገኝ አማካዩ 2 ነው። ያ 5 ግን አንድ ነባር ዝርያ ላይመለስ መጥፋቱ ሊሆን ይችላል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 ያጸደቀው ምደባ የሚይዘው የተመዘገበውን ከፍተኛ ጉዳት ነው። ነባሮቹ ከስተው መራባታቸው ቢቀንስ አንድ እርከን፣ ቁጥራቸው ቢያሽቆለቁል ቀጣዩ፣ ከአካባቢው ቢጠፉ ከዚያ በላይ ያለው ነው። ወራሪው ቢነሳም የማይመለሱ ከሆነ የመጨረሻው እርከን ላይ ይቀመጣል።

«ለዓመታት ዝም ያለ ጉዳት አያመጣም።»
ናይል ፐርች የተባለው ዓሣ ቪክቶሪያ ሐይቅ የገባው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው። ቁጥሩ የፈነዳው ግን በ1980ዎቹ ሲሆን፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ነባር የሲክሊድ ዓሣ ዝርያዎች ተመናመኑ ወይም ጠፉ። በመካከል የመዘነው ሰው ቢኖር «ጉዳት አልታየበትም» ብሎ ባለፈው ነበር።

«አንደኛ የወጣው አንደኛ ይዘመትበት።»
ደረጃው አደጋውን እንጂ የሚቻለውን አይናገርም። የእምቦጭ ዘር ደለል ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ ሐይቅ ካለበሰ በኋላ የሚቀረው መቆጣጠር ነው። በአንድ ኩሬ ብቻ የታየ፣ ነጥቡ መካከለኛ የሆነ አረም ግን ገና ሳያፈራ ተነቅሎ ሊያልቅ ይችላል። ለዚህ ሌላ ዓምድ ይከፈት፦ ምን ያህል ቦታ ይዟል? ዘሩ ስንት ዓመት ይቆያል? የገባበት መንገድ ተዘግቷል? የመጨረሻው መልስ «አልተዘጋም» ከሆነ፣ ከመንቀሉ በፊት መግቢያው ይፈለግ።